ትልቅና ውድ ሞኒተር ለዋጋው ይገባል? ከመግዛትዎ በፊት የሚወስኑበት መንገድ

ኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ ከተደረደሩት ሞኒተሮች መካከል ትልቁ ሁልጊዜ ዓይን ይስባል። ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የባሕርና የተራራ ቪዲዮ ስለሚታይበት አጠገቡ ያሉትን ሁሉ ያደበዝዛቸዋል። ቤትዎ ወይም ቢሮዎ ወስደው የሚያዩበት ግን የሒሳብ መዝገብ፣ የመጽሐፍ ገጽ፣ የሕንፃ ንድፍ ወይም የፕሮግራም ኮድ ነው። በመሆኑም ውሳኔው ከራስዎ ጠረጴዛና ከዕለት ሥራዎ ተነሥቶ ወደ ሱቁ መሄድ አለበት። ከዚህ ቀጥሎ የማስረዳው ባለ 27 እና ባለ 32 ኢንች፣ 4ኬ የሚባለው የምስል ጥራት ያላቸውን ሞኒተሮች በዋናነት ይዤ ነው፤ ምክንያቱም ከተራው የቢሮ ሞኒተር ከፍ ብሎ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመነታው በእነዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ አሁን ያለዎት ስክሪን ምን እንዳጎደለብዎ በትክክል ይወቁ። ለአንድ ሳምንት ያህል ወረቀት አጠገብዎ አስቀምጡና ሥራዎን አቋርጠው ገጽ ባጎሉ ቁጥር፣ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው በተመላለሱ ቁጥር፣ ፊደል ለመለየት ወደ ፊት ባጎነበሱ ቁጥር፣ እንዲሁም የታተመው ቀለም ስክሪን ላይ ካዩት ተለይቶ በመጣ ቁጥር ይመዝግቡ። መዝገቡን ሲያዩት ችግሩ ከሦስት አንዱ ሆኖ ያገኙታል፤ ጥበት፣ ብዥታ ወይም የቀለም አለመታመን። እያንዳንዱ የተለየ መፍትሔ ስላለው ለሦስቱም አንድ ውድ ዕቃ መግዛት ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው። በወረቀቱ ላይ የሚበዛው ቅሬታ «ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ነው» የሚል ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን ለኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) ወይም ለተጨማሪ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) ያውሉት፤ ሞኒተር ፍጥነት አይሰጥም፣ እንዲያውም 4ኬ ሞኒተር ደካማውን ኮምፒውተር የባሰ ያስጨንቀዋል።

ኢንች እና ፒክስል የተለያዩ ነገሮች ናቸው

ሻጩ አስቀድሞ የሚነግርዎ ኢንቹን ነው። ኢንች ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የሚለካ ርዝመት ብቻ ሲሆን ስለ ጥራት ምንም አይናገርም። ጥራትን የሚወስነው በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ እንዳለ ነው፤ ይህንንም የስክሪኑን የአግድም ፒክስል ብዛት በኢንች ለተለካው የአግድም ርዝመት በማካፈል ራስዎ ሊያገኙት ይችላሉ። ባለ 24 ኢንቹ የተለመደ የቢሮ ሞኒተር 1920 በ1080 ፒክስል ስላለው በኢንች 92 ፒክስል ይደርሰዋል። አሁን ባለ 32 ኢንች ሆኖ 2560 በ1440 ፒክስል ያለውን ይውሰዱ፤ እሱም በኢንች ያለው 92 ነው። ይህን ሁለተኛውን የገዛ ሰው ሰፊ ቦታ ያገኛል እንጂ የፊደሉ ጥራት ከአሮጌው ቢሮ ሞኒተር በምንም አይሻልም። ባለ 27 ኢንቹ 2560 በ1440 ወደ 109 ከፍ ይላል። 4ኬ የሚባለው 3840 በ2160 በ32 ኢንች ላይ 138፣ በ27 ኢንች ላይ ደግሞ 163 ይሆናል። 5ኬ የሚባለው 5120 በ2880 በ27 ኢንች ላይ 218 ይደርሳል።

እነዚህ ቁጥሮች ትርጉም የሚኖራቸው ከተቀመጡበት ርቀት ጋር ሲነጻጸሩ ነው። ጤናማ እይታ ያለው ዓይን በተለምዶ የዲግሪን አንድ ስድሳኛ የሚያህል ዝርዝር መለየት ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ከዚህ በመነሣት 8,700ን በኢንች ላለው የፒክስል ብዛት ቢያካፍሉ ነጠላ ፒክስሎች መታየት የሚያቆሙበትን ርቀት በሴንቲሜትር ያገኛሉ። ለ92 ፒክስል ርቀቱ 95 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ለ109 ወደ 80፣ ለ138 ወደ 63፣ ለ163 ወደ 53፣ ለ218 ደግሞ 40 ገደማ ነው። አብዛኛው ሰው ከስክሪኑ ከ55 እስከ 70 ሴንቲሜትር ርቆ ስለሚቀመጥ በ92 እና በ138 መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ ያያል፤ ከ163 ወደ 218 የሚደረገውን ጭማሪ ግን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። የዋጋው ጭማሪ በአንጻሩ እዚያ ላይ እጅግ ከባድ ነው። ሜትር ይዘው ከዓይንዎ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት ሳይለኩ ስለ 5ኬ አይነጋገሩ።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ጉዳይ ለላቲን ፊደል አንባቢ ከሚሆነው በላይ ይከብዳል፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። የፊደሎቻችን ልዩነት የተንጠለጠለው በትንንሽ ጭረቶችና ቀለበቶች ላይ ነው። «ሉ» ጭረቷ በቀኝ እግሯ ወገብ ላይ፣ «ሊ» ከእግሯ ሥር፣ «ሌ» ደግሞ በዚያው ሥር ቀለበት ሆኖ ነው የሚለየው። «ተማሩ» እና «ተማሪ» የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ጭራ ብቻ ነው። በ92 ፒክስል ስክሪን ላይ በ10 ነጥብ የፊደል መጠን የተጻፈ ፊደል ከላይ እስከ ታች የሚመደብለት ቦታ 13 ፒክስል ያህል ነው፤ ፊደሉ ራሱ ከዚያም ያነሰውን ስለሚይዝ ጭረቷ የምትሳለው በአንድ ወይም በሁለት ፒክስል ይሆናል። በዚያ ላይ እንደ ኒያላ ያለ ቀጠን ያለ ፎንት ከተመረጠ ጭረቷ ግራጫ ጥላ ሆና ትቀራለች። ያው ፊደል በ138 ፒክስል ስክሪን ላይ 19፣ በ163 ላይ 23 ፒክስል ያህል ያገኛል፤ ቀለበቷም ቀለበት መሆኗ ይታወቃል። አራሚ፣ ተርጓሚ፣ ጋዜጠኛ ወይም የመጽሐፍ ገጽ አቀናባሪ ከሆኑ ለፒክስል ጥግግት የሚከፍሉት ገንዘብ ከሁሉ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣ ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ሱቅ ሲሄዱ የራስዎን ሰነድ በፍላሽ ይዘው ይሂዱና በ10 ነጥብ ከፍተው፣ በቤትዎ ርቀት ቆመው፣ ገጹን ሳያጎሉ አንድ አንቀጽ ያንብቡ። ሻጩ ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

የሥራ ቦታ ስፋትም በብዙዎች ዘንድ በተሳሳተ መንገድ ይታሰባል። ባለ 32 ኢንች 4ኬ ስክሪን ሳይጎላ ቢተው ፊደሎቹ እጅግ ስለሚያንሱ ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ ስኬሊንግ በሚለው ማስተካከያ ሁሉን ነገር ወደ 150 በመቶ ያጎላዋል። በዚህ ጊዜ የሚያገኙት የሥራ ቦታ ልክ እንደ 2560 በ1440 ስክሪን ነው፤ ባለ 27 ኢንቹም 4ኬ በ150 በመቶ የሚሰጠው ያንኑ ነው። በሌላ አነጋገር ስኬሊንጉ ከተመሳሰለ 32 ኢንቹ የሚያሳድገው የፊደልን መጠን ነው፤ የመስኮት ብዛት አይጨምርም። ለደከመ ዓይን ይህ ትልቅ እፎይታ ሲሆን፣ ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን መክፈት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን አላስፈላጊ ወጪ ነው። ስኬሊንጉን ወደ 125 በመቶ ዝቅ ሲያደርጉት 32 ኢንቹ 3072 በ1728 ያህል ቦታ ይሰጣል፤ ፊደሉም በአብዛኛው ሰው ዘንድ ይነበባል። ማክ የሚጠቀሙ ሰዎች በኢንች 110 ወይም 220 ገደማ የሆነውን ቢመርጡ ይሻላቸዋል፤ ሥርዓቱ ምስሉን በእጥፍ ለመሳል የተሠራ ስለሆነ በመካከል ባሉት መጠኖች ላይ ጠርዞች ጥቂት ይለሰልሳሉ።

ካርቶን ቆርጠው ይሞክሩ

ከመግዛትዎ በፊት ምንም ወጪ የሌለው፣ ነገር ግን ከማንኛውም ምክር በላይ የሚያስተምር ሙከራ አለ። ባለ 32 ኢንች ሞኒተር ወርዱ 71፣ ቁመቱ 40 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ባለ 27 ኢንቹ ደግሞ 60 በ34 ያህል። በዚህ ልክ ካርቶን ይቁረጡና ሞኒተሩ የሚቆምበት ቦታ ላይ አስደግፈው ያቁሙት፤ በላዩም ላይ የኤ4 ወረቀቶችን ይለጥፉ። ሁለት የኤ4 ገጾች ጎን ለጎን 42 በ29.7 ሴንቲሜትር ስለሚይዙ በ32 ኢንቹ ላይ በእውነተኛ መጠናቸው ተቀምጠው ከላይና ከታች 10፣ ከጎን ወደ 29 ሴንቲሜትር ለመሣሪያ ሰሌዳዎች ይተርፋል። በ27 ኢንቹ ላይ ገጾቹ ይገባሉ፤ ሆኖም ከቁመቱ የሚተርፈው 4 ሴንቲሜትር ስለሆነ የፕሮግራሙ ምናሌዎች ብቻ ይሞሉታል። ፊት ለፊት የሚታዩ ገጾችን በትክክለኛ መጠናቸው እያየ መጽሐፍ ወይም መጽሔት ለሚያቀናብር ሰው 32 ኢንቹን የሚያስመርጠው ይህ ነው።

ካርቶኑን ሳያነሡ ለጥቂት ቀናት ፊት ለፊቱ ይቀመጡ። አራቱን ጥጎች ለማየት አንገትዎን ማዞር ካስፈለገዎ ወይ ርቀቱ አንሷል ወይ ስክሪኑ በዝቷል። ጠረጴዛው ከፊት ወደ ኋላ 60 ሴንቲሜትር ብቻ ከሆነና የሞኒተሩ መቆሚያ 20 ወይም 25 ሴንቲሜትሩን ከወሰደ፣ 32 ኢንቹ ከአፍንጫዎ ሥር ነው የሚቆመው። ሞኒተሩን ከግድግዳ ወይም ከጠረጴዛ ጠርዝ የሚይዝ ክንድ ቦታውን ያስመልስልዎታል፤ ጀርባው ላይ 100 በ100 ሚሊሜትር የተዘረጉ አራት የብሎን ቀዳዳዎች መኖራቸውን ግን አስቀድመው ይመልከቱ። ሩቅም ቅርብም የሚያሳይ ባለ ብዙ እርከን መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ረጅም ስክሪን የላይኛውን ክፍል በመነጽሩ ታችኛ ክፍል ለማየት አገጭን ቀና ስለሚያስደርግ አንገትን ያሳምማል፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን መስመር ዝቅ ማለት አለበት፣ አለበለዚያ ለኮምፒውተር ርቀት ብቻ የተሠራ መነጽር ማሠራት ይበጃል። ዕድሜዎ ከአርባ ካለፈና ብዥታው በቅርብ የመጣ ከሆነ ሞኒተር ከመግዛት በፊት የዓይን ምርመራ ያድርጉ።

ኮምፒውተርዎ ይችለዋል?

4ኬ ስክሪን 8.3 ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለው፤ ይህም ከተለመደው 1920 በ1080 አራት እጥፍ ነው። የቆዩ ላፕቶፖች ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ 1.4 የሚባለው የምስል ማስተላለፊያ ሶኬት ይህን ጥራት የሚያስተላልፈው በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ እያደሰ ስለሆነ የማውዙ ቀስት እየተንቀጠቀጠ ይከተልዎታል፤ በዚህ ሁኔታ ሙሉ ቀን መሥራት አድካሚ ነው። 60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ማደስን፣ ለማግኘት ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይፖርት 1.2 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። የላፕቶፕዎን ሞዴል ጽፈው የአምራቹን ዝርዝር ይመልከቱ፤ የሶኬቱ ቅርጽ ስለሚመሳሰል በማየት ብቻ አይታወቅም። ገመዱም ይቆጠራል፤ ርካሽና ረጅም ገመድ ስክሪኑ በየመሐሉ እንዲጠቁር ያደርጋል።

ስለ ተጨማሪ ባሕርያት ያለኝን አስተያየት በአጭሩ ልግለጽ። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ከ60 ኸርዝ በላይ መክፈል አያስፈልግም፤ 144 ኸርዝ የሚጠቅመው ለጨዋታና ለፈጣን እንቅስቃሴ ነው። ኤችዲአር 400 የሚል ምልክት ብቻ ያለው ሞኒተር ሰፊ የብርሃን ልዩነት ያሳያል ተብሎ ሊታመን አይገባም፤ ለዚያ ጀርባው ላይ በክፍል በክፍል የሚደበዝዝ ብርሃን ወይም ኦሌድ (እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚያበራበት ስክሪን) ያስፈልጋል። ላፕቶፑን በአንድ ዩኤስቢ-ሲ ገመድ ምስል እያስተላለፈ ቻርጅ የሚያደርግ ሞኒተር በአንጻሩ በየቀኑ የሚታይ ምቾት ስለሆነ ትንሽ ጭማሪ ቢጠየቅበት አይቆጭም።

ኦሌድን በተመለከተ ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ስለሆነ ለፊልምና ለቪዲዮ የሚወዳደረው የለም። ለቢሮ ሥራ ግን ሁለት ድካሞች አሉበት። አንደኛው ቀኑን ሙሉ ከቦታው የማይንቀሳቀስ የመሣሪያ ሰሌዳ በጊዜ ብዛት ጥላውን ስክሪኑ ላይ ሊተው መቻሉ ነው። ሁለተኛው በአንዳንዶቹ ላይ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ነጥቦች አቀማመጥ ከተለመደው ስለሚለይ በቀጭን ፊደል ጠርዝ ላይ ቀለም ያለው ጥላ መታየቱ ነው፤ ይህም ከላይ በገለጽኩት ምክንያት አማርኛን ይጎዳል። ለብዙ ሰዓት ጽሑፍ አይፒኤስ የሚባለውን ዓይነት እመርጣለሁ። በኅትመት ወይም በፎቶግራፍ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች አዶቤ አርጂቢ የሚባለውን ሰፊ የቀለም ክልል በብዛት የሚሸፍነውን ቢፈልጉ ተገቢ ነው፤ ይሁንና የቀለም መለኪያ መሣሪያ ገዝተው ወይም ተውሰው በየጊዜው የማያስተካክሉት ከሆነ ሰፊው ክልል ብቻውን ቀለሙን እውነተኛ አያደርገውም። መካከለኛ ሞኒተር ከመለኪያ ጋር፣ መለኪያ ከሌለው ውድ ሞኒተር ይበልጣል።

መብራትና ዋጋ

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚሠራ ሰው ሌላም ስሌት አለው። በላፕቶፑ ባትሪ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል፤ ትልቁ ሞኒተር ግን ወዲያው ስለሚጠፋ በሰፊው የዘረጋው መስኮት ሁሉ ትንሿ ስክሪን ላይ ይከመርበታል። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅም የሞኒተሩን የኃይል ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የስታቢላይዘር (የኃይል መዋዠቅን የሚያስተካክል መሣሪያ) ወይም የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው ለጥቂት ጊዜ የሚያሠራ መሣሪያ) ዋጋ ከሞኒተሩ ዋጋ ጋር ተደምሮ ይታሰብ። ዩፒኤሱን ሲመርጡ ሞኒተሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት ይመልከቱ፤ ላፕቶፕ ቻርጅ የሚያደርግ ከሆነ ፍጆታው በዚያው ልክ ይጨምራል።

ዋጋውን ለመመዘን ጠቅላላውን ገንዘብ ሳይሆን ሥራዎን ከሚያሠራዎት ተራ ሞኒተር ጋር ያለውን ልዩነት ይያዙ። ለምሳሌ ያህል ተራው 30,000 ብር፣ ውዱ 90,000 ብር ቢሆን ልዩነቱ 60,000 ነው። ጥሩ ሞኒተር ላፕቶፕ ሲቀየርም አብሮ ስለሚቆይ ለ6 ዓመት ቢያስቡት በዓመት 10,000፣ 250 የሥራ ቀን ቢቆጠር በቀን 40 ብር ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ወደጻፉት ወረቀት ይመለሱና እነዚያ ማቋረጦች በቀን ከ40 ብር በላይ ያስከፍሉዎት እንደሆነ ይጠይቁ። በቀን ስምንት ሰዓት ገጽ ለሚያቀናብር ሰው መልሱ ግልጽ ነው፤ ኢሜይል ለሚመልስና አልፎ አልፎ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰውም ተቃራኒው መልስ እንዲሁ ግልጽ ነው። የዋጋው ከፍታ ሁሉን ነገር እንደማያመጣ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 በ1,599 ዶላር ያወጣው ባለ 27 ኢንች 5ኬ ሞኒተር የሚያድሰው በ60 ኸርዝ ነበር። ዋጋው የተከፈለው ለጥግግቱና ለቀለሙ ነው፤ እነዚያን የማይፈልግ ሰው የገዛው ነገር አይኖርም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ዶላርን በቅርበት ስለሚከተል፣ ብዙዎች ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ማስመጣትን ይመርጣሉ። ይህን ሲያደርጉ የኃይል ክፍሉ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን ያረጋግጡ፤ የአሜሪካው ሶኬት እዚህ ስለማይገባም ገመዱን ይቀይሩ። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት የርዝመት፣ የወርድና የቁመት ድምር 158 ሴንቲሜትር ስለሆነ የባለ 32 ኢንች ሞኒተር ካርቶን ወደ ድንበሩ ሊጠጋ ወይም ሊያልፈው ይችላል፤ ዘመድዎን ከማስቸገርዎ በፊት የካርቶኑን ልክና የሚጠየቀውን ቀረጥ አጣርተው ይንገሩት። ዋስትናውም ብዙ ጊዜ ከተገዛበት አገር ውጭ አይሠራም። ስክሪኑ በመንገድ ላይ ከተሰነጠቀ መስተዋቱን ማስቀየር ከአዲስ ሞኒተር ዋጋ ብዙም ስለማያንስ ይህን አደጋ የርካሽነቱ አንድ ክፍል አድርገው ይቁጠሩት። ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አብርቶ አሳይቶ ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ መግዛቱን እመርጣለሁ።

ያገለገለም ሆነ አዲስ ሞኒተር ሲረከቡ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ግራጫ ምስሎችን በየተራ ስክሪኑን ሞልተው ይክፈቱ። በነጩ ላይ የሞተ ፒክስል ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ በጥቁሩ ላይ፣ በተለይ መብራቱ ሲጠፋ፣ ከጠርዝ የሚያፈስ ብርሃን ይለያል፤ በግራጫው ላይ ጥላ የመሰለ እድፍ ወይም አሮጌ የመሣሪያ ሰሌዳ ምልክት ካለ ይጋለጣል። አንድ ወይም ሁለት የሞተ ፒክስል ብዙ አምራቾች እንደ ጉድለት ስለማይቆጥሩት፣ ሱቁ በስንት ፒክስልና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀይር ደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ያስፍሩ። ካርቶኑንና የውስጥ ፎሙንም ቀኑ እስኪያልፍ አይጣሉ፤ ያለ እሱ የሚመልስልዎ ሱቅ ብዙ አይደለም።